ተቀበል የተባለው ማሽን

በዚህ ዓለም ላይ ማንም ሳይሾመውና ማንም ሳይከፍለው ሰው ሁሉ ተሽቀዳድሞ የሚሠራው ሥራ ቢኖር ማማከር ነው። ሾፌር ጎማ ሲቀይር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚቀይረው አንድ ነው፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ክሪኩን ትንሽ ወደ ውስጥ ብትለው» የሚለው ግን ስድስት ነው። ከስድስቱ አራቱ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ነገሩ ሙዚቃ ወይም ሥዕል ሲሆንማ የባሰ ነው፤ ለጎማው እንኳ ቢያንስ ክሪክ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም፤ ራሴን ለማማት ነው። እኔ በላይነህ፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከመርከብ የወረደ የሰው ዕቃ ወደ አዲስ አበባ እንዲሻገር ወረቀት የማዘጋጅና ማኅተም የምመታ ትራንዚተር፣ ለሦስት ሳምንት ያህል የኪነ ጥበብ አማካሪ ነበርኩ። ብቃቴ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሁለት ካርቶን ካሴት አለኝ። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል።

የሾመችኝ ሰብለ ናት። ሰብለ ከወደ ባቲ የመጣች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የሠራች የቤት ሠራተኛ ነች። አሠሪዋ ማዳም ኩልሱም ይባላሉ፤ የጅቡቲ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የሥነ ልቦና ሐኪም። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ድሬ ያደገ ሰው ደግሞ ንጉሥም ቢመጣ «አንተ» ነው የሚለው። እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙኝ ቀን «አንተ በላይነህ፣ ለምንድን ነው ፊትህ እንዲህ የታጠፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ሐኪም ናቸውና ምርመራ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰብለ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ያለችው ቢሮዬ መጣች። ከጎማ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። «ጋሽ በላይነህ፣ ቅኝት ያውቃሉ አይደል?» አለችኝ። ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ «አላውቅም» የሚልበት አገር አለ ይባላል፤ የኛ ግን አይደለም። «እንዴታ!» አልኳት።

ከዚያ ያጫወተችኝን ነገር መልሼ ልነግራችሁ ልሞክር፤ ቢጎድል ከእኔ ነው። ማዳም ቡና ቤት እንደሚያወራ ሰው ቀለል አድርገው ትምህርታቸውን ያስረዷት ነበር። «በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ኪራይ ሳይከፍሉ የሚኖሩ ሰዎች አሉ» ብለዋታል። አንዷ እናት ናት። አንዱ መንገደኛ ነው፤ ደረስኩ ሲል መንገዱ የሚረዝምበት። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ስንጠፋ ቆሞ የሚጠብቀን። አንዱ ደግሞ ጥላ ነው፤ ከሰው የምንደብቀው፣ አልፎ ተርፎ ከራሳችንም የምንደብቀው። እነዚህ ሰዎች በፈረንሳዩም፣ በሶማሌውም፣ በአፋሩም፣ በሐበሻውም ሆድ ያው ናቸው። ሰብለ ይህን ሁሉ የሰማችው ሸሚዝ እየተኮሰች ነው። ሰምታ ስትጨርስ ካውያውን ሳታስቀምጥ «አውቃቸዋለሁ ማዳም፤ አራቱ ቅኝቶች ናቸው» አለች።

እስቲ አስቡት! ትዝታ እናት፣ ባቲ መንገደኛ፣ አምባሰል ሽማግሌ፣ አንቺሆዬ ጥላ። እኔ ሁለት ካርቶን ካሴት ሳዳምጥ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰውዬ ይህ ለአንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አንዳንዱ ሰው መቶ መጽሐፍ አንብቦ የማይደርስበትን፣ አንዳንዱ አንገትጌ እየተኮሰ ይደርስበታል።

በዚህ ብቻ ብትበቃ ጥሩ ነበር። ማዳም አሮጌ ኮምፒውተራቸውን ሰጧት። ከተማው በቀትር ሐሩር ሲዘጋ፣ ጫት የሚቅመው ሲቅም፣ የሚተኛው ሲተኛ፣ ሰብለ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚሉት ጉድ ጋር ትታገላለች። ማሽኑ በማይክሮፎን ከአገሯ ይዛ የመጣችውን ክራርና ድምፅዋን ይሰማል፤ የዜማውን መውጣትና መውረድ፣ የግጥሙን ቃል ይይዛል፤ ከዚያም የሰማውን ሥዕል አድርጎ ያወጣዋል። መጀመሪያ ትዝታ ስታሰማው ያወጣላት እናት ፀጉሯ እንደ ገብስ ነዶ ቢጫ የሆነ፣ ሽርጥ የታጠቀች ፈረንጅ ነበረች። እኔ ብሆን ኮምፒውተሩን ለማዳም መልሼ ወደ ካውያዬ እገባ ነበር። ሰብለ ግን አልተቆጣችም። «እንግዳ ነው፣ ቤቱን አያውቅም» አለችኝ። «እኔም ማዳም ቤት ስገባ መጥበሻው የት እንዳለ አላውቅም ነበር፤ አሳዩኝ፣ ለመድኩ። እሱንም አሳየዋለሁ።» እናም አሳየችው። የገበያ ሴቶች ፎቶ፣ የሾፌሮች ፎቶ፣ የባቲ ተራራ፣ የአምባሰል ገደል፣ አንድ በአንድ። በሦስተኛው ወር ክራሩን ስትነካው ማሽኑ ያወጣትን እናት ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ፊቷ አይታይም፤ ጀርባዋን ሰጥታ መንገድ ታያለች። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «መልካም ነው፤ ግን ቀለሙን ትንሽ ደመቅ ብታደርጊው» አልኳት። አማካሪ ነኝ አልኳችሁ እኮ።

አሁን ወደ ጭንቁ እንግባ። ማዳም አርጅተዋል፤ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ዘግተው ፈረንሳይ ያለች ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ሰብለ ያላት ምርጫ ሌላ ሰው ቤት መግባት፣ እንደገና ከመጥበሻው ቦታ መጀመር ነበር። በዚህ መሀል ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ ያለ አንድ የባህል አዳራሽ ለልጆች የሙዚቃ አስተማሪ ይፈልጋል ተባለ። ሥራው ከነመኖሪያ ክፍሉ ነው! ኃላፊው ሙሴ ሮብሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ የሚረሳ ቀጭን ሰው ነው፤ አማርኛ አይሰማም። የሰብለን ሥዕሎች አይቶ ወደዳቸው። ግን በማዳም አስተርጓሚነት «የምወደው እኔ ብቻ ከሆንኩ ምን ይጠቅማል?» አለ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ታሳይ፤ አርባ ወንበር አለ፤ አርባው ከሞላና እስከ መጨረሻው ማንም ተነሥቶ ካልወጣ ሥራው የእሷ ነው። ባለፈው ወር አንድ ዋሽንት ነፊ መጥቶ እስከ መጨረሻው የቀሩት አዳማጮች ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ዘበኛው ነበር።

«አርባውን ሰው ለእኔ ተዪው» አልኳት። አፌ ነው የተናገረው፤ እኔ ኋላ ነው የሰማሁት።

አርባ ሰው ከየት ይመጣል? ለእኔ ሰው ማለት ሾፌር ነው። ተሳቢያቸውን አቁመው የጭነት ተራ ሲጠብቁ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሥራ ፈትተው የሚውሉ የአዲስ አበባ መስመር ሾፌሮች ሞልተዋል። ረቡዕ ዕለት መኪና ማቆሚያው ሄጄ ሰበሰብኳቸው። «ወንድሞቼ፣ ነገ ማታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሙዚቃ ጋር ተዋሕዶ በሰው ልጅ ውስጥ የሚኖሩትን ጥንታውያን…» ብዬ ስጀምር ግማሾቹ ጎማቸውን ሊያዩ ሄዱ። ከቀሩት አንዱ ከፍያለው ነበር፤ ሃያ ዓመት በዚህ መስመር የነዳ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ሰው። «ጋሽ በላይነህ፣ በአማርኛ ንገረና! ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም ቀላሉን መንገድ መረጥኩ። «የአዝማሪ ምሽት ነው» አልኩ። ጎማ ሊያዩ የሄዱት ሁሉ ተመለሱ።

እንግዲህ ጥፋቴ ይህ ነው። ሰብለ አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ ማሽኑ የሰማውን ሁሉ ይሥላል፤ እባክዎ ሰው እንዳይናገር ይንገሩልኝ» ብላኛለች። አዝማሪ ቤት ነው ብዬ የጠራሁትን ሾፌር «ግን ትንፍሽ እንዳትል» ልለው? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ እኔ ከሁለቱም አልሆንኩም። ሳልነግራቸው ተለያየን።

ሐሙስ አርባው ወንበር ሞላ፤ ተርፎ በግድግዳው ዙሪያ የቆመ ነበር። ሁሉም ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ሽቶ ነስንሶ መጥቷል። ከፊት ማዳም ኩልሱም፣ ከጎናቸው ሙሴ ሮብሌ፣ ከጎኑ እኔ። ግድግዳው ላይ የማዳም ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ሰብለ ጥጉ ላይ ክራሯን ይዛ ተቀመጠች።

በትዝታ ጀመረች። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ። አንሶላው ላይ ቀስ እያለ ጭጋግ መጣ፣ ጭጋጉ ነጠላ ሆነ፣ ነጠላው ጀርባዋን የሰጠች ሴት ሆነ። በሆዴ «ሊያልፍልን ነው» እያልኩ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው ከኋላዬ አንድ ወንበር ሲጮህ የሰማሁት። ከፍያለው ተነሥቷል። አዝማሪ ቤት ደግሞ ሰው የተነካ እንደሆነ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል? ያ ነውር ነው፤ ስንኝ መስጠት አለበት፣ አዝማሪውም የተሰጠውን ተቀብሎ ማዜም አለበት። ከፍያለው እጁን ወደ አንሶላው ዘርግቶ፣ ሰብለን ሳይሆን ሥዕሉን እያየ፣ «ተቀበል!» አለው ማሽኑን። ከዚያ በዚያ ተሳቢ በሚያስቆም ድምፁ፦

«የሰው ዕቃ ጭኜ ስወጣ ስወርድ፣
እናቴ አረጀች ስታይ መንገድ መንገድ።»

ሙሴ ሮብሌ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገ። እኔ ወንበሩ ሥር የሚበቃኝ ቦታ ካለ ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቆማ፣ ስንት ወር ከማሽን ጋር ታግላ፣ ይኸው እኔ በአንዲት ውሸት አፈረስኩባት ብዬ ልቤ ተሰበረ። የሰብለ ጣት ለአንድ አፍታ ክሩ ላይ ቆመ። ወደ እኔ አየች። በእንዲያ ያለ ዓይን ማንም አይቶኝ አያውቅም፤ ዳግመኛም እንዲያየኝ አልፈልግም።

ግን የባቲ ልጅ ናት። የተሰጠ ስንኝ መሬት አይወድቅም። ቀና ብላ የከፍያለውን ቃል እንዳለ ተቀብላ በትዝታ አዜመችው። ማሽኑም ሰማ። አንሶላው ላይ ያለችው ሴት ፀጉር ቀስ እያለ ነጣ፤ ከፊቷ መንገድ ተዘረጋ፤ መንገዱ ጫፍ ላይ አንዲት መኪና ታየች፤ እየመጣች ይሁን እየሄደች አይታወቅም። ከፍያለው ያንን ትከሻውን ይዞ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ማን ያቁማቸው? አንዱ በባቲ ሰጠ፣ አንዱ በአምባሰል። ሥዕሉ ከስንኙ እኩል ይለዋወጣል፤ መንገደኛው ላብ የጠጣ ሸሚዝ ለበሰ፣ ሽማግሌው ኬላ ላይ ቆሞ ገመድ የሚያነሣ ሽማግሌ ሆነ። ሰብለ ክራሯን ወደ አንቺሆዬ ስታዞረው ግን ስንኝ የሚሰጥ ጠፋ። ጥላ ነዋ! ማን ይነሣል? ከግድግዳው ጥግ ሌላ ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያወራ ዝም የሚል አንድ ቀይ ሾፌር፣ አንገቱን ሳያቀና፣ እንዲህ አለ፦

«ሐሩር አልፈራሁም፣ ቁልቁለት አልፈራ፣
መስታወት ላይ አለ ያቃተኝ ተራራ።»

ማሽኑ የመኪና የጎን መስታወት ሣለ። ውስጡ ፊት የለም፤ ጥቁር ተራራ ብቻ ነበር። ማንም አላጨበጨበም። ጎኑ የቆመው ሰው ብቻ እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት።

ማዳም ኩልሱም ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «አንተ በላይነህ፣ እኔ ይህን ከአንድ ሰው አፍ ለማውጣት በር ዘግቼ ዓመት እቀመጥ ነበር» አሉኝ፤ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል ያገሬ ሰው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው የታሸገ ውሃ ብቻ ነው። ያወጣችው ሰብለ ናት። እሷን ሳይ ኮራሁ፤ ላብ ግንባሯ ላይ ይወርዳል፣ ዓይኗ ከአንሶላው ወደ ሰዉ፣ ከሰዉ ወደ አንሶላው፣ አንዱንም ስንኝ ሳትጥል። ማሽኑ ምን ያህል ብልህ እንደሆነ ሊያስረዱኝ የሚፈልጉ አሉ። ይሁን፤ ብልህ ነው። ግን አርባ ሰው ሆዱን ሲከፍት የሚይዝ እጅ የነበራት እሷ ነበረች።

ከዚያ ከፍያለው ዞሮ «ጋሽ በላይነህም ይስጥ!» አለ። አዳራሹ ተቀበለው። አንድ የሚያስቅ ነገር ልል ተነሣሁ፤ አዘጋጅቼም ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው፦

«በሰው ጭነት ሁሉ ማኅተሙን ስመታ፣
ዕድሜዬ ወደብ ላይ ቀረች ተዘንግታ።»

ሰብለ ተቀበለችኝ፣ በዝግታ። አንሶላው ላይ ባዶ ወደብ መጣ፤ መሀሉ ላይ አንዲት የእንጨት ሣጥን፣ የባለቤቱ ስም ያልተጻፈባት። ከኋላ አንዱ «ጋሼ፣ ወረቀቷን ጨርስላትና ውሰዳት እንጂ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ስለነበር ትንሽ አስቸገረኝ።

አንድም ሰው ሳይወጣ አለቀ። ሙሴ ሮብሌ ተነሥቶ ወደ እኛ ሲመጣ ሰብለ ክራሯን እቅፏ ውስጥ ደበቀች። በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ፤ እጁ ወደ ሾፌሮቹ ይጠቁማል። ሊያባርራቸው ነው አልኩ። ማዳም ፊታቸውን አኮስትረው ተረጎሙልን። ሰውየው ከመደነቁ ብዛት እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለውም፤ ግን አንድ ጥያቄ አለው። ተዋንያኑን፣ በተለይ ያንን ትልቁንና የሚያለቅሰውን፣ የት ነው ያሠለጠናችኋቸው?

ሰብለ እኔን አየችኝ። ማዳም እኔን አዩኝ። መዋሸት ጀምሬ ነበርና እዚያው መቀጠል እችል ነበር፤ ግን በዚያች ምሽት ውሸት አስጠላኝ። «መንገድ ላይ ነው የሠለጠኑት፤ አንዳንዶቹ ሃያ ዓመት» አልኩ። ማዳም ተረጎሙለት። ሙሴ ሮብሌ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀና «አያስደንቅም!» አለ። ሥራውን ለሰብለ እዚያው ሰጣት፤ ቡድኑ በየወሩ አንድ ሐሙስ እንዲመለስ ብቻ ነው የጠየቀው። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። አሁን የዕቃ ባለቤት ከአዲስ አበባ ደውሎ «መኪናው ለምን አልተንቀሳቀሰም?» ሲለኝ፣ ሾፌሩ አንቺሆዬ ላይ ልምምድ አለበት ብዬ እንዴት እንደማስረዳው እናንተ ምከሩኝ።

ማዳም ከሄዱ በኋላ በነበረው ዓርብ የሰብለን አዲስ ክፍል ልባርክ ሄድኩ። በጅቡቲ ሐሩር ባዶ እጅ አይገባምና አንድ ቋሚ ቬንትላተር ተሸክሜአለሁ፤ የሚያበርድ ዕቃ ተሸክሞ እንደመቃጠል ያለ ነገር የለም። ክራር ሲቃኝ ከውስጥ ይሰማኛል። አንኳኳሁ። ክራሩ ዝም አለ፤ የሚከፍት ግን የለም። ደግሜ አንኳኳሁ። ዝም። ሦስተኛ አንኳኳሁ፤ ላቤ ጫማዬ ደርሷል። ጎረቤት አንዲት ሶማሌ ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብለው በዓይናቸው አዘኑልኝ። በአራተኛው በሩ ተከፈተ። ሰብለ በሩ ሥር ቆማ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም? አልሰማሽኝም?» አልኳት።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቻለሁ ጋሼ» አለችኝ። «አሥራ አንድ ዓመት በር በተንኳኳ ቁጥር ለሰው እንግዳ ስሮጥ ነው የኖርኩት። የራሴ በር ሲንኳኳ እንዴት እንደሚሰማ ልስማው ብዬ ነው።»

በሩን መልሳ እንድትዘጋው ነገርኳትና ቬንትላተሩን መሬት አስቀምጬ እንደገና አንኳኳሁ። እመኑኝ፣ በዚህኛውም ቶሎ አልከፈተችም።